ማስተካከያ፦ ስለ ስኮትላንድ «ፓፈር» መርከቦች

ባለፈው ጽሑፋችን በስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ ጭነት ያመላልሱ የነበሩት ትንንሽ የእንፋሎት መርከቦች፣ «ፓፈሮች»፣ እስከ መጨረሻው «ፓፍ ፓፍ» እያሉ ይጓዙ እንደነበር ገልጸናል። ስህተት ነው። ድምፁ የመጀመሪያዎቹ ብቻ ነበር። ለመርከብ በተቆፈረ ቦይ ላይ ሲሠሩ ጨው የሌለው ውሃ እንደ ልብ ስለሚያገኙ ያገለገለውን እንፋሎት በጭስ ማውጫው ይለቁት ነበር። ባሕር ላይ ግን ንጹሕ ውሃ መቆጠብ ግድ ነው፤ እንፋሎቱን መልሶ ውሃ የሚያደርግ መሣሪያ ተገጠመላቸውና ድምፁ ጠፋ፣ ስሙ ቀረ።

ጭነታቸውን «በየወደቡ» ያራግፉ ነበር ያልነውም ግማሽ እውነት ነው። ብዙ የደሴት መንደሮች ወደብ አልነበራቸውም። ሆዷ ጠፍጣፋ የሆነችው መርከብ ባሕሩ ሲሞላ ወደ ዳርቻው ትጠጋለች፤ ውሃው ሲሸሽ አሸዋው ላይ ትቀመጣለች። ያኔ የገበሬው ጋሪ እስከ ጎኗ ይመጣል፤ ሦስት ወይም አራት ብቻ የሆኑት ባሕርተኞችም የድንጋይ ከሰሉን በአካፋ ይዝቃሉ። ሙላቱ ሲመለስ ተንሳፍፋ ትሄዳለች። ከሁሉ የሚደንቀውን ይህን መዝለላችን ያስቆጫል።

«ቪአይሲ 32» የተባለችው ፓፈርም ባለፈው እንዳልነው በስኮትላንዱ ክላይድ ወንዝ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1943 በእንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ ለጦርነቱ አገልግሎት የተሠራች ናት።