ያልታዘዘው ሳላይን

«ሴንትራል ላይን ገብቶለታል፤ ከእንግዲህ ችግር የለም።» ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ይህን በሰማሁ ቁጥር ልቤ አይረጋም። እርግጥ ሴንትራል ላይን የሚባለው ቀጭን ቱቦ ጫፉ ያረፈው ልብ አጠገብ ባለው ትልቅ ደም መላሽ ሥር ውስጥ ነው። እዚያ የደረሰ መድኃኒት ወዲያው በብዙ ደም ይበረዛል። መድኃኒቶቹ የሚጋጩት ግን እዚያ ሳይደርሱ፣ ቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ነው።

ፌኒቶይንን እንይ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ይህ መድኃኒት ሟሙቶ የሚቆየው ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 12 አካባቢ ሆኖ ስለተዘጋጀ ነው። ዴክስትሮስ (የስኳር ፈሳሽ) ተርፎ ባለበት ቱቦ ውስጥ ሲገባ ይረጋል። ቱቦው ይደፈናል። የረጋው ካለፈ ደግሞ የሚያርፈው ሳንባ ላይ ነው። ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊትም በኋላም ቱቦውን በኖርማል ሳላይን (በደም ሥር በሚሰጥ የጨው ውሃ) ማጠብ ግድ ነው።

ሴፍትሪያክሶን የተባለው ፀረ ባክቴሪያማ የዘወትር መድኃኒታችን ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሪንገር ላክቴትም እንዲሁ። ሪንገር ውስጥ ካልሲየም አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደቃቅ ዝቃጭ ይሠራሉ። እንዲህ ያለ ዝቃጭ በሞቱ አራስ ሕፃናት ሳንባና ኩላሊት ውስጥ በመገኘቱ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2007 አስጠነቀቀ። በ2009 ደግሞ ከ28 ቀን በላይ ለሆናቸው፣ በመሃል ቱቦው በደንብ ከታጠበ፣ አንዱን ከሌላው አስከትሎ መስጠት ይቻላል አለ። በአንድ ቱቦ በአንድ ጊዜ ግን ለማንም አይፈቀድም። እስከ 28 ቀን ያለ አራስ ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ በደም ሥሩ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ሴፍትሪያክሶን ጭራሽ አይሰጠውም።

ማጠብ እንዳለባት የማታውቅ ነርስ ብዙም አላጋጠመችኝም። ችግሩ ማዘዣው ላይ ነው። ሐኪሙ ሁለቱን መድኃኒቶች ያዛል፤ በመሃል የሚገባውን ሳላይን ማንም አይጽፈውም። ያልተጻፈ ደግሞ ከፋርማሲ አይወጣም። አስታማሚም ውጭ ሄዶ የሚገዛው ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ተረኛዋ በ10 ሚሊ ማጠብ ሲገባት በ2 ሚሊ ታብቃቃለች። (አንዱን ከረጢት ለሁሉም አልጋ እየቀዱ መጠቀምም አለ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።)

እኔ የምለው፣ ማጠቢያው እንደ መድኃኒት ይታዘዝ፤ መጠኑና ሰዓቱ ተጽፎ። ሴንትራል ላይኑ ሦስት መግቢያ ካለው ደግሞ አንዱ ለፌኒቶይን ብቻ ይለቀቅ፣ ፕላስተር ተለጥፎም ይጻፍበት።

«ሲስተር፣ ይሄ እኮ የታወቀ ነው፤ ምን ያስጽፋል?» ይሉኛል ሐኪሞቹ። መታወቁንማ ይታወቃል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ትሮሊዬ ላይ ግን የለም።