ቲቸር፣ ካርድ አልደረሰኝም!

ክረምት ላይ ሥልጠና ወስደን «ለማስተማር ይጠቅማችኋል» ተብለው የተላኩልኝን ሊንኮች ቆጠርኳቸው። 47 ናቸው። ክፍሌ ያሉት ተማሪዎች 68። በዚህ አያያዝ በቅርቡ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ሊንክ ይደርሰዋል፤ መጽሐፉ እንኳ ለሁለት ነው።

ፊዚክስ ነው የማስተምረው። መጀመሪያ የወደድኩት ፌት የሚባለውን የኮምፒውተር ላይ ቤተ ሙከራ ነው፤ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው። ሽቦ፣ አምፖልና ባትሪ በጣትህ እየጎተትክ ሰርኪዩት ትገጥማለህ። ከኛ ቤተ ሙከራ ባትሪ የሚለየው መሥራቱ ነው። አውርደህ ካስቀመጥከው ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። የቀረኝ ፕሮጀክተር ብቻ ነበር።

ፕሮጀክተሩ ንብረት ክፍል ነው፣ ንብረት ክፍል ደግሞ የሚያውቀው ሞዴል 22ን ነው። ሞልቼ፣ አስፈርሜ፣ ገመድ ከጸሐፊዋ ለምኜ፣ ልጆቹን ዝም አሰኝቼ ስሰካ ከክፍለ ጊዜው የቀረው 11 ደቂቃ ነበር። መብራት ሄደ። ምን ላድርግ? «ሰርኪዩት ሲቋረጥ አምፖሉ ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ መለሰልኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የገባቸው ትምህርት የለም።

ካሁት የሚሉትን የጥያቄና መልስ ጌም አላወራም። ተማሪው በስልክ ነው የሚመልሰው፣ የኛ ተማሪ ስልክ ይዞ ከተገኘ ወላጅ ያመጣል።

እኔ ራሴ በ1997 ዓ.ም. የገባው ፕላዝማ ያስተማረኝ ነኝ። ቴሌቪዥኑ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ማንም ሳይመልስ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ በቀላሉ ተስፋ አልቆርጥም።

ፕሊከርስ የሚባለውን የመጠየቂያ አፕ ያገኘሁት በኋላ ነው። ስልክና ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለአስተማሪው ብቻ። ተማሪው ጥቁር ምልክት ያለበት ወረቀት ይይዛል፤ አራቱ ጎኖች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ናቸው። መልሱን ወደ ላይ አዙሮ ከፍ ያደርጋል፣ አንተ የስልክህን ካሜራ ከዳር እስከ ዳር ታዞራለህ፣ ማን እንዳገኘ ማን እንደሳተ ወዲያው ይመጣል። የካርዶቹ ምልክት አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፣ ፊደሎቹም ጉንዳን ያክላሉ። ኮራጆቼ አንገታቸውን ቢያስረዝሙም ያተረፉት የአንገት ሕመም ነው።

በራሴ ኪስ የኢንተርኔት ፓኬጅ ገዛሁ፣ ካርዶቹን አሳተምኩ። ትልቁ የካርድ ጥቅል 63 ነው። አዘጋጆቹ «ከ63 በላይ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?» ብለው መሆን አለበት። ሌላ ቀን ቢሆን ችግር የለውም፣ አምስት ልጅ ሁሌም ይቀራል። የዚያን ቀን ግን «ጌም አለ» ተብሎ ወሬው ስለተነዛ ከመስከረም ወዲህ አይቼው የማላውቀው ልጅ ሁሉ መጣ። «ቲቸር፣ ካርድ አልደረሰኝም!» የሚለው ጩኸት ከኋላ ወንበር ተነሳ። አምስቱን ጣት አውጡ አልኳቸው፣ እንደ ድሮው።

ጥሩ ሄደ። ካሜራው ሁሉንም እንዲያይልኝ አስነሳኋቸው። 63 ልጅ ወረቀት ከፍ አድርጎ በጸጥታ ቆሞ፣ እኔ እየቀረጽኩ ሳለ ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አዩን። ፊታቸው ተለዋወጠ። በሩን ገርበብ አድርገው በምልክት ጠሩኝ።

«መምህር፣» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጥያቄያቸው ምንድን ነው?»

«አራተኛው ነው ጋሼ» አልኳቸው፣ «ስለ ኦህም ሕግ።»