በርበሬ እንኳን ሳይሸተት አይገዛም

እጄ ገና እየተንቀጠቀጠ ነው። መኪናዬን ከሱቄ ፊት ለፊት አቁሜ፣ ሳልወርድ ነው የምጽፈው። እንጀራው መጥቶ ከሆነ ልጆቹ ይረከቡት። ይህን ሳልተነፍሰው ከገባሁ የመጀመሪያው ደንበኛ ላይ መጮኼ አይቀርም፤ እሱ ደግሞ ምን በደለኝ?

አዎ፣ ሽጉጥ ልገዛ እዚያው መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ነው የሄድኩት። «ተይው» ብላችሁኝ ነበር። ከቤቴ 12 ደቂቃ ብቻ ስለሆነና ቅዳሜ ጠዋት ያለችኝ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ስለሆነች ሄድኩ። ሦስት ወር ሙሉ አስቤበት፣ ገንዘቤን አጠራቅሜ፣ የምፈልገውን በወረቀት ጽፌ ነው የሄድኩት። ሌሊቱን በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም ብላችሁ ታምናላችሁ? በ46 ዓመቴ!

ባንኮኒው ጋ ደርሼ ሰላምታ ሳቀርብ ሻጩ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ለባልሽ ነው?»

«ለራሴ ነው» አልኩት።

«ወረቀት አለሽ?»

ወረቀት! አንድ ሽጉጥ እንኳን ሳያሳየኝ። ለአሜሪካ ዜግነት እጄን አንስቼ ከማልኩ 9 ዓመት አልፎኛል። መንጃ ፈቃዴም፣ ከፍርድ ቤት የተሰጠኝ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃዴም ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። ቅጹን መሙላትና ፖሊስ መዝገቤን እስኪያጣራ መጠበቅ ቅር አይለኝም፤ ለሁሉም ይደረግ፣ ይጥበቅ። ነገር ግን ይህ የሚመጣው ዕቃው ከተመረጠ በኋላ ነው። ከእኔ ቀጥሎ የመጣውን ወጣት አልጠየቀውም፤ አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። እንግሊዝኛ «አንቺ» እና «እርስዎ» ብሎ አይለይም፤ እኔ ግን «አንቺ» ማለቱን ከዓይኑ ሰማሁት።

እሺ፣ ዋጥኩት። ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ ነገርኩት። «ዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት የሚተኩስ ነው የምፈልገው። በየወሩ ውድድር እተኩሳለሁ። ማታ ደግሞ ሱቅ ዘግቼ የቀኑን ገንዘብ ይዤ እወጣለሁ። ለሁለቱም የሚሆን፣ መካከለኛ መጠን ያለው፣ ማነጣጠሪያ መነጽር የሚቀበል አሳየኝ።» ከዚህ በላይ ምን ይባላል? እኔ ሱቅ የሚመጣ ሰው እንዲህ አብራርቶ ቢጠይቀኝ እጁን እስመዋለሁ።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ከመስታወቱ ሥር ምን አወጣ? እጀታዋ ሮዝ የሆነች፣ በሚሽከረከር ጎተራዋ 5 ጥይት የምትጎርስ ሪቮልቨር! «ለቦርሳሽ ትበቃሻለች። ቀላል ናት፤ ሴቶች ይወዷታል።»

እዚህ ላይ ልቁም፤ ምክንያቱም በዚህች «ቀላል ናት» በምትለው ቃል ስንት እህቶቼ ተሸውደዋል። ሽጉጥ በቀለለ ቁጥር ሲተኮስ የሚራገጠው የበለጠ ነው። የጥይቱ ኃይል ያው ነው፤ ብረቱ ካልተሸከመው የሚሸከመው የእጅ አንጓ ነው። አፈሙዙ ባጠረ ቁጥር የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ ይቀራረባሉ፤ ሲቀራረቡ ደግሞ ትንሿ ስህተት ዒላማው ላይ ትገዝፋለች። የእነዚያን ትናንሽ ሪቮልቨሮች ቃታ ለመሳብ 5 ኪሎ ያህል ኃይል ይጠይቃል። እንግዲህ ይህንን ነው ለጀማሪ፣ እጇ ትንሽ ለሆነ ሴት «ያንቺ ነው» ብለው የሚሰጧት። አንድ ጊዜ ተኩሳ እጇ ይነዝራል፣ ዒላማውን ትስታለች፣ ከዚያ «ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብላ መሳቢያ ውስጥ ትወረውረዋለች። ጎረቤቴ የፀጉር ቤቷ ከተሰበረ በኋላ የገዛችው እንዲህ ያለውን ነው። አንድ ቀን ብቻ ነው የተኮሰችበት። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

የኔ ፍላጎት ግልጽ ነበር። ለውድድር ብቻ ቢሆን ሲዜድ ሻዶ 2 እገዛ ነበር፤ ሙሉ ብረት፣ 1.3 ኪሎ የሚደርስ፣ ሲተኮስ እጅ ውስጥ እንደ ተቀበረ የሚቀመጥ። ግን የ25 ኪሎ ጤፍ ጆንያ እያነሳሁ ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምውል ሰው ያንን ወገቤ ላይ ልሸከም? ለመያዝ ብቻ ቢሆን ደግሞ በ2018 የወጣው ሲግ ፒ365 አለ፤ መዳፍ በማታክል ነገር 10 ጥይት መያዙ ድንቅ ሥራ ነው። በአንድ ውድድር ግን ከ100 ጥይት በላይ ይተኮሳል፤ በእርሱ ስተኩስ ከግማሽ በኋላ እጄ ይዝላል።

«ሁለት ግዢ» የምትሉኝ አላችሁ። ገንዘቡን ተዉት፤ እጅ የሚማረው አንድ ነገር ነው። ቃታው የት ላይ እንደሚከብድ፣ የጥይት ካዝናውን የሚለቀው ቁልፍ የት እንዳለ፣ እጀታው በምን ያህል እንደሚያዘነብል፣ ይህን ሁሉ በሺህ ድግግሞሽ የሚያውቀው እጅ ነው። እሑድ በአንዱ ተወዳድሬ ሰኞ ሌላውን ብታጠቅ፣ የፈራሁ ዕለት እጄ የለመደውን ይፈልግና ያጣዋል። ውድድሩን የጀመርኩትም ለዋንጫ አልነበረም፤ እጄ እንዲማር ነው። ውድድሩን የሚመራው ማኅበር፣ አይዲፒኤ፣ በ1996 የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ነው፤ ሰው በየዕለቱ በሚይዘው ሽጉጥና በሚይዝበት አኳኋን፣ ከልብስ ሥር መዝዞ ይወዳደር ብሎ። ውጤቱ በሰዓት ነው የሚቆጠረው፤ ከመካከል ወጥታ የጠፋች እያንዳንዷ ነጥብ 1 ሰከንድ ታስከፍላለች። እኔ ባለፈው ወር 11 ነጥብ የጣልኩት ሁሉም በግራ በኩል ነው። ለምን? አሠልጣኜ የሚያውሰኝ ግሎክ 19 ነው። ከ1988 ጀምሮ የታመነ፣ 15 ጥይት የሚይዝ፣ አፈሙዙ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ፤ ለሁለት ሥራ የሚሆን ሽጉጥ ሲባል ሁሉም የሚጠራው እርሱን ነው። ነገር ግን ጣቴ ቃታው ላይ የሚደርሰው በጫፉ ብቻ ስለሆነ ስስብ ሽጉጡን ወደ ግራ ይገፋዋል። መሣሪያው ጎበዝ ነው፤ እጄ አጭር ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ስለዚህ የጠየቅኩት ዋልተር ፒዲፒ ኤፍን ነው። በ2022 ሲወጣ የሴቶች እጅ ታስቦበት ነው የተሠራው፤ ከእጀታው እስከ ቃታው ያለው ርቀት አጥሯል፣ ለማቀባበልም ብዙ ኃይል አይጠይቅም። ጥይቱ 15 ነው፤ መነጽር መትከያ አለው። መስታወቱ ሥር ተኝቶ አይቼዋለሁ! በጣቴ አሳየሁት።

«እሱ ላንቺ ይከብድሻል» አለኝ።

«ልያዘው።»

«አቀባብለሽ ታውቂያለሽ?»

ይህን ሲለኝ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። «አውቃለሁ» ስለው ከጀርባው ሌላ ሽጉጥ አነሳና «ተመልከቺ፣ እንዲህ ነው» እያለ ያቀባብል ጀመር። ጓዶቼ፣ አፈሙዙ ደረቴ ላይ ነው! ወደ ቀኝ ሸሸሁ፤ ከእኔ ጋር ዞረ። የጥይት ካዝናውን አላወጣም፣ ባዶነቱን አላየም፣ አላሳየኝም። «አፈሙዙን ከእኔ ላይ አንሳ» አልኩት። ሳቀ። «ባዶ ነው፣ አትፍሪ» ብሎ ሳቀ! አጠገቤ ያለውም ሰው አብሮት ሳቀ።

አባቴ ምንሽሩን ሲወለውል ከቤት ያስወጣን ነበር። አንድ ቀን ወንድሜ ጥይት የሌለውን ጠመንጃ ወደ ፍየል ሲያነጣጥር አይቶት የመታውን ምት እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ወደ ፍየል ነው እንግዲህ! «ባዶ ጠመንጃ የለም» ይል ነበር አባቴ። እዚህም የተኩስ ሜዳ ላይ አፈሙዝህ ከተፈቀደው አቅጣጫ ከወጣ በዚያው ደቂቃ ከውድድሩ ትባረራለህ፤ ሻምፒዮንም ብትሆን ይቅርታ የለም። ጀማሪዎች ሆነን መጀመሪያ የተማርነውን ሕግ ሽጉጥ ሸጦ የሚያድር ሰው ባንኮኒ ላይ ይጥሰዋል፤ የሸሸሁት እኔ ደግሞ ፈሪ ተባልኩ። ሁሉንም ይቅር ልለው እችላለሁ፤ ሮዟንም፣ ወረቀቱንም። ይህን ግን አልችልም።

ወጣቱ ግን ምን ሆነ? «የመጀመሪያዬ ነው፣ ምንም አላውቅም» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። አራት ሽጉጥ ተደረደረለት። ያዘ፣ አነጣጠረ፣ ቃታ ሳበ፣ መለሰ። ዋልተሩንም ያዘው! ለእኔ የከበደው ለእርሱ ቀለለ። ልጁን አልቀየመውም፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ቦታ ለቆልኝ ነበር።

እኔ ነጋዴ ነኝ። በርበሬ ልትገዛ የመጣች ሴት በርበሬውን ሳታሸት፣ በጣቷ ቆንጥራ ምላሷ ላይ ሳታደርግ ብሸጥላት አፍራለሁ። ቡናውን ታያለች፣ ጤፉን ትዘግናለች፤ «ነጩ ነው ወይስ ሠርገኛው?» ብዬ እጠይቃለሁ እንጂ «አንቺን የሚመስል ሰው የሚበላው ይህን ነው» አልልም። ነፍሴን አደራ የምሰጠውን ብረት ግን እንዳልነካ ተከለከልኩ። ሽጉጥ በንባብ አይመረጥም። መዳፍ እጀታውን ሲሞላ፣ ጣት ቃታው ላይ ተመቻችቶ ሲያርፍ፣ ዓይንን ጨፍኖ ተነሥቶ ሲገለጥ ማነጣጠሪያው ቀጥ ብሎ ሲገኝ፣ ያን ጊዜ ነው «ይኸው» የሚባለው። ለዚያ የሚያስፈልገኝ 5 ደቂቃ ነበር።

ከተነሣ አይቀር ደግሞ፣ የውጭው ሰው ብቻ አይደለም ያቃጠለኝ። ባለፈው ለቅሶ ቤት ጋሼ በሰው ፊት «አገር ቤት ያለው ተኩስ አልበቃ ብሎሽ ነው?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ላከብራቸው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ ያ ቃል እስካሁን አንጀቴ ውስጥ አለ። የአገሬ ተኩስ የማንን ቤት እንዳንኳኳ እርሳቸው ያውቃሉ። እኔ ለዒላማ ወረቀት የምተኩሰውን፣ ማታ በብረት ሣጥን ቆልፌ የማድረውን፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ቤት ትቼው የምወጣውን ከዚያ ጋር ምን አገናኘው? ያጎቴ ልጅ ደግሞ «ከትልቁ ጥይት፣ ከአርባ አምስት ካሊበር በታች የሕፃን መጫወቻ ነው» ይለኛል። ላለፉት አምስት ዓመታት አንድም ጊዜ ተኩሶ አያውቅም። ዘጠኝ ሚሊሜትር ርካሽ ነው፣ ብዙ ያስለማምዳል፤ ብዙ የተለማመደ ደግሞ ይመታል። ይህን ስነግረው ቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ።

ልብሱስ? የሴት ሱሪ የሚሰፋ ሰው ሁሉ ቀበቶ ማስገቢያውን ለጌጥ ነው የሚያደርገው። ጠንካራ ቀበቶ ከሌለ ሽጉጡ ያዘነብላል፣ አፎቱ ይንሸራተታል። በሀበሻ ቀሚስ ጭራሽ አይታሰብም። ቦርሳ ውስጥ የሚሉትን አልቀበልም፤ ቦርሳ ይረሳል፣ ይነጠቃል፣ ሕፃን ይከፍተዋል። ይህንንም ለሻጩ ልነግረው ነበር፤ «ለቦርሳሽ» ሲለኝ። ማን ሊሰማኝ?

ደክሞኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቁጣው እየወጣ ሲሄድ የሚቀረው ድካም ነው። በየቦታው ከዜሮ መጀመር ይደክማል። ባንክ ስሄድ የሱቁ ባለቤት እኔ መሆኔን ማስረዳት፣ ጅምላ መደብር ስሄድ ማስረዳት፣ ተኩስ ሜዳ ስሄድ አላፊ አግዳሚው «ባልሽን እየጠበቅሽ ነው?» ሲል ማስረዳት። የማያስረዱበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የሰዓት መቆጣጠሪያው ጢጥ ሲል። እሱ ማን እንደሆንኩ አይጠይቅም። የቆጠረውን ይነግረኛል፣ ከዚያ ዒላማው ይቆጠራል፤ በቃ። ለዚያ ነው የምወደው።

ልጆቹ መስኮት እያንኳኩ ነው፤ እንጀራው መጥቷል፣ 20 ጎድሏል ይላሉ። ያንን ደግሞ ልወርድበት ነው።

የሚቀጥለው ውድድር የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ፒዲፒ ኤፍን፣ አፈሙዙ 4 ኢንች የሆነውን፣ ባንኮኒ ላይ አውጥቶ፣ ባዶነቱን አሳይቶ የሚያስይዝ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ማክሰኞ ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ አንድ ሰዓት መንገድም ቢሆን እነዳለሁ።