«ቪቪኤስ ነው» ይሉናል፣ ወረቀቱ ግን የለም

ዛሬ ሆዴ ሞልቷልና ረዘም አድርጌ ልተንፍስ። የሰለቸው ይለፈኝ፤ ከጥምቀት በኋላ ሰርግ ያለበት ግን ቁጭ ብሎ ያንብብ።

ታናሽ ወንድሜ ሊሞሸር ነው። እኛ የደብረ ማርቆስ ሰዎች ነን፣ ልጅቷ የባሕር ዳር። ድሮ የጥሎሽ ወርቅ ራስ የሚያዞር ነገር አልነበረም፤ በግራም ይመዘናል፣ ሽማግሌ አይቶ ይመርቃል፣ አለቀ። ዘንድሮ «ዳይመንድ ፈርጥ ያለው ቀለበት» የሚሉት መጣ፤ አልማዝ ማለታቸው ነው። ማን እንዳመጣው እግዜር ይወቅ፤ እኔ ቲክቶክን እጠረጥራለሁ። ይሁን፣ ሙሽራዋ ደስ ይበላት፤ በእሷ ቅር አልሰኝም። እኔን ያንገበገቡኝ ሻጮቹ ናቸው።

ወርቅ ቤት ገብታችሁ ስለ ፈርጡ ስትጠይቁ ልጁ አፉን ሞልቶ «ይሄ ቪቪኤስ ነው፣ ቀለሙ ደግሞ ዲ» ይላችኋል፤ በጥራትም በቀለምም ከላይኞቹ ደረጃዎች ነው ማለቱ ነው። ጎረቤቱም እንደዚያው። ከማዶ ያለውም ያው። ማርቆስን! የገባሁበት ሱቅ ሁሉ ቪቪኤስ ነው። የዓለም ምርጥ ድንጋይ ተሰብስቦ ጎጃም ወርዷል ማለት ነው። «ማን መርምሮት?» ስል፣ «እኛው»። «ሰርተፍኬቱስ?» ስል፣ ፈገግ ብሎ «እታለም፣ እኔ እያለሁ ሰርተፍኬት ምን ይሠራልሻል?»

ምን ይሠራልሻል! እነዚያ ፊደሎች የወጡት እኮ ገዢ በሻጭ ምላስ ብቻ እንዳይገዛ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1931 የተቋቋመው ጂአይኤ የሚባለው የከበሩ ድንጋዮች ተቋም የአልማዝን ቀለም ከዲ እስከ ዜድ ደረደረው። ከኤ ያልጀመረው ነጋዴው ቀድሞ ኤ፣ ደብል ኤ እያለ እንደ ፈቀደው ይጠራ ስለነበር ከዚያ ግርግር ለመራቅ ነው። ዲ ጨርሶ ቀለም የሌለው ነው፤ ወደ ዜድ ሲወርድ ወደ ቢጫ ወይም ቡናማ እያደላ ይሄዳል። ጥራቱን ደግሞ የሠለጠነ ሰው 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር እያየ ከ11 ደረጃዎች በአንዱ ላይ ያስቀምጠዋል። ቪቪኤስ ማለት በውስጡ ያለችውን እንከን ያ ባለሙያ በዚያ መነጽር እንኳ በመከራ የሚያገኛት ነው። ታዲያ ይሄ ልጅ በባዶ ዓይኑ እንዴት አያት? «መነጽር አለህ ወይ?» አልሁት። የሰዓት ባትሪ ሲቀይር ዓይኑ ላይ የሚሰካትን አወጣልኝ። ለሰዓቱ ትሆናለች፣ አልከፋም።

ጭራሽ የሚያስቀው፣ ጂአይኤ ቀለበት ላይ የተሰካ ድንጋይ ተቀብሎ ደረጃ አይሰጥም። ፈርጡ ብቻውን መቅረብ አለበት። ቀለሙ የሚለየው ድንጋዩ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ደረጃቸው ከታወቀ ድንጋዮች ጎን ተቀምጦ፣ በተመጠነ ብርሃን ነው። ቀለበት ላይ ከገባ በኋላ ወርቁ ቢጫውን ያጋባበታል፣ የያዙት ጥፍሮችም እንከኑን ይሸፍናሉ። የእኛዎቹ ግን ቢጫ ወርቅ ላይ ተሰክቶ፣ ዓይን በሚያጠፋ አምፖል ሥር፣ አንዴ ገልመጥ አድርገው «ዲ» ይላሉ።

ካራቱማ አይወራ። «ግማሽ ካራት ነው» ያሉኝን ማስመሪያ አውጥቼ ለካሁት። (አዎ፣ ማስመሪያ ይዤ ነው የምሄደው፤ መምህርት ነኝ።) 3 ሚሊሜትር። ክብ ሆኖ በደንብ የተቆረጠ 1 ካራት አልማዝ ወደ 6.5 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ ግማሽ ካራት ደግሞ ወደ 5። 3 ሚሊሜትር ከካራት አንድ አሥረኛ ቢያልፍ በጥቂት ነው። ይሄን ብነግረው ቀለበቱን ገልብጦ ውስጡ የተመታውን 750 እያሳየ «ይኸው፣ 18 ካራት እኮ ነው!» አለኝ። እሱ የወርቁ ነው ወንድሜዋ! ከሺህ እጅ 750ው ንጹሕ ወርቅ ነው ማለት ነው። የድንጋዩ ካራት ክብደት ነው፣ አንዱ 0.2 ግራም። 18 ካራት አልማዝ ቢኖርህማ 3.6 ግራም የሚመዝን፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ነበር፤ አንተም እዚህ ቆመህ ከእኔ ጋር አትነታረክም ነበር።

ስለ አቆራረጡ ደግሞ አንድም ሱቅ ትንፍሽ አላለም። ድንጋዩን የሚያንቦገቡገው እኮ እሱ ነው! ሆዱ ከመጠን በላይ ከጠለቀ ወይም ከሳሳ፣ ከላይ የገባው ብርሃን ወደ ዓይን መመለሱን ትቶ በታችና በጎን ያመልጣል፤ ዲ ሆነ ቪቪኤስ ድንግዝግዝ ብሎ ይቀራል። ለክብ አልማዝ አቆራረጡ ራሱን የቻለ አምስት ደረጃ አለው። ጠይቋቸው እስቲ፤ «ሁሉም አንድ ነው» ይሏችኋል።

ማረጋገጫ ነው የሚሉትንም ልንገራችሁ። አንዱ ድንጋዩን መስታወት ላይ ጭሮ «አየሽ?» አለኝ። ኳርትዝ የሚባለው ተራ ነጭ ድንጋይም መስታወት ይጭራል፤ ዓባይ በረሃ ብወርድ በነጻ አነሣዋለሁ። ሌላው እስክሪብቶ የመሰለች መሣሪያ አስነክቶ ጢጥ አስባላት። መሣሪያዋ የምትለካው ሙቀት እንዴት ቶሎ እንደሚያልፍ ነው። ኪዩቢክ ዚርኮኒያ የሚሉትን አልማዝ መሳይ ታጋልጣለች፤ ሞይሳናይት የሚባለው ሌላው አልማዝ መሳይ ግን ሙቀት ቶሎ ስለሚያሳልፍ ለእሱም ጢጥ ትላለች። ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራው አልማዝማ ያው አልማዝ ስለሆነ ጢጥ ማለቷ አይቀርም። ይሄኛው የውሸት አይደለም፣ አምሮት የሚገዛውንም አልነቅፍም፤ ግን ዋጋው ከምድር ከወጣው እጅግ ያነሰ ነውና ይነገረኝ! ጂአይኤ ራሱ በፈረንጆቹ 2025 ለላብራቶሪው አልማዝ እነዚያን የቀለምና የጥራት ደረጃዎች መስጠት ትቶ በሁለት ጥቅል መደብ ብቻ መለየት ጀምሯል። እኛ ዘንድ ግን ሁሉም «ከምድር የወጣ» ነው፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ።

አጎቴ ደግሞ ነገሩ ሲረዝምበት «አልማዝ ከሆነ አይሰበርም፣ መዶሻ አምጣና እንየው» ብሎ ተነሣ። ልጁ ቀለበቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ «ኧረ አባባ!» አለ። እኔም ከልጁ ጎን ቆምሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። አልማዝ ለመጫር እንጂ ለመሰበር አያስቸግርም፤ በትክክለኛው አቅጣጫ ከተመታ ይፈለጣል። አጎቴ እስከ ዛሬ አላመነኝም።

እናቴ ገበያ ወጥታ ጤፍ ስትገዛ እፍኝ ዘግና፣ በመዳፏ አሸት አድርጋ፣ እፍ ትልበትና ማኛ ይሁን ሰርገኛ፣ የዘንድሮ ይሁን የአምና፣ ምን እንደተደባለቀበት ሳይቀር ትነግራችኋለች። ለእሷ ሰርተፍኬት የሚባል ነገር አያስፈልጋትም፤ ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ ጤፍ ላይ ነው። ይሄን ድንጋይ ግን እኔም አላውቀውም፣ ሻጩም አያውቀውም፣ ልዩነቱ እሱ ማወቁን ደፍሮ መናገሩ ነው። በማያውቀው ነገር የወንድሜን ደመወዝ ስንት ወር ሙሉ ሊወስድ!

አንዴ ነገሩ ሲመርረኝ «የደላንታ ኦፓል ይደረግላት፣ የራሳችን አገር ድንጋይ ነው፣ ቀለሙን ስታዞሪው እንደ ልቡ ይለዋወጣል» ብዬ ነበር። ኦፓል በቀላሉ የሚጫር ስለሆነ ሁልጊዜ ለሚጠለቅ ቀለበት ጥንቃቄ እንደሚፈልግም አልደበቅሁም። ከባሕር ዳር የመጣልኝ መልስ አጭር ነበር፦ ዳይመንድ።

እሺ አልሁ። ሰርተፍኬት አለኝ ያለ አንድ ነጋዴ ፎቶውን በቴሌግራም ላከልኝ። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ደስ ይላል። ቁጥሩን ጂአይኤ ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው በነጻ አስገብቶ ማየት ይችላልና አስገባሁት። ወጣ። ግን ቁጥሩ የተሰጠው የእንባ ቅርጽ ላለው፣ ከ1 ካራት በላይ ለሆነ ድንጋይ ነው፤ የእሱ ቀለበት ላይ ያለው ክብ ነው፣ ሽምብራ እንኳ አያክል። ደወልሁለት። «እታለም፣ ኔትወርኩ ይሆናል የሚያሳስተው» አለኝ። ኔትወርክ ድንጋይ ሲያሰፋና ቅርጽ ሲቀይር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሰርጉ የጥር መጨረሻ ነው። ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ወረቀቱን ከነቁጥሩ የሚሰጥ፣ ቁጥሩ ድንጋዩ ወገብ ላይ በሌዘር የተጻፈበትን የሚሸጥና በትክክለኛ መነጽር አሳይቶ የሚያስረክብ ሰው የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ። ላብራቶሪም ይሁን፣ ትንሽም ይሁን፣ ቀለሙ ከዲ ወረድ ብሎ «አይ» ወይም «ጄ»ም ይሁን ግድ የለኝም፤ ምን እንደሆነ ደረሰኙ ላይ ይጻፍልኝ ብቻ። «እኔ እያለሁ» የሚል ሻጭ ግን አትላኩብኝ፣ በቂ አሉኝ።