ጮክ ብሎ ማሰብ

ክረምት ላይ ድሬዳዋ ስገባ የወንድሜ ልጅ ለኮዲንግ ኢንተርቪው፣ ኮድ እያስጻፉ ለሚፈትኑበት የሥራ ቃለ መጠይቅ፣ እየተዘጋጀ ነበር። ከዚራ ሰፈር፣ እናቴ ግቢ፣ ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጧል። መብራት ስለጠፋ ኮዱን ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል። ሥራው ከቤት ሆኖ የሚሠራ ነው፤ ቀጣሪዎቹ ሲያትል ናቸው።

እኔ እዚያው ሲያትል የመጀመሪያ ኢንተርቪዬን የወደቅኩት መልሱን እያወቅኩት ነው። ነጭ ሰሌዳ፣ ማርከር፣ 45 ደቂቃ። ከተሰጡት ቁጥሮች መሀል ተደምረው የተባለውን ቁጥር የሚሰጡ ሁለቱን ፈልግ አሉኝ። 20 ደቂቃ ዝም ብዬ በሆዴ አሰላሁ። ከዚያ ጻፍኩት፤ ትክክል ነበር። አልተቀጠርኩም። ለካ ሰዎቹ ሐሳቤ እንዴት እንደሚሄድ መስማት ነበር የፈለጉት። «ሁሉንም ጥንድ ብሞክር ያደርሰኛል፤ ግን ቁጥሮቹ እጥፍ ሲሆኑ ሥራው አራት እጥፍ ይሆናል። ያየሁትን ሃሽ ቴብል ላይ፣ የተመዘገበውን ወዲያው በሚያገኝ መዝገብ፣ እየመዘገብኩ አንዴ ብቻ ባልፍባቸውስ?» እያልኩ መለፍለፍ ነበረብኝ። እኔ ደግሞ ያደግኩት «ሳታውቅ አትቀባጥር» እየተባልኩ ነው።

የወንድሜ ልጅ አገር ቤትም ተፈትኗል። ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ዋስ ተጠየቀ። ኮድ ጻፍ ያለው ሰው ግን አልነበረም። እኔ በገባሁባቸው ኢንተርቪዎች ደግሞ ዲግሪዬን የጠየቀኝ የለም፤ ባይነሪ ትሪ፣ በየደረጃው ቢበዛ ሁለት ሁለት እያለ የሚቀነጠል የመረጃ ዛፍ፣ ግራና ቀኙን ገልብጥ ተብያለሁ። በሥራ ላይ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ገልብጬ አላውቅም።

የሚገርመኝ ልጁ ዝምተኛ አለመሆኑ ነው። የድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ገብቶ ለአንድ ነጠላ ጫማ ግማሽ ሰዓት ይከራከራል፤ «አቦ ተው!» እያለ ሻጩን ያስቃል። ላፕቶፑ ፊት ሲቀመጥ ግን ምላሱ ይታሰራል። በእንግሊዝኛው ብቻ እንዳላሳብበው በአማርኛም ሞከርነው፤ ያው ነው።

«በል ለአያትህ አስረዳ» አልኩት። እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኛ ካርድ ስትይዝ ኖራ ጡረታ የወጣች ናት። ቡና እየቆላች ነበር።

«እማማ፣ አንድ ሚሊዮን ካርድ አለሽ እንበል። መሀሉን ታያለሽ። የምትፈልጊው ቁጥር ካነሰ ግራውን፣ ከበለጠ ቀኙን ይዘሽ ሌላውን ትተያለሽ። እንዲህ እያጋመስሽ ቢበዛ በ20 ጊዜ ታገኚዋለሽ።»

እናቴ ምጣዱን እየነቀነቀች «ካርዶቹ ተደበላልቀው ቢሆንስ?» አለችው።

ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፈታኞቹ ተፈታኙ ቀድሞ እንዲጠይቃቸው የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ካልተደረደሩ ማጋመሱ አይሠራም። እኔ ማርከሩን ይዤ ስቆም አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኩም ነበር።

የፈተናው ቀን ሰዓቱ በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት 10 ሰዓት፣ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። አቆጣጠሩ እንዳያሳስተው ደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፍንለት። ደግነቱ መብራት አልጠፋም። እኔና እናቴ በረንዳ ላይ ሆነን በመስኮቱ እንሰማለን። መጀመሪያ ፀጥታ። ከዚያ የልጁ ድምፅ፦ ቁጥሮቹ ተደርድረዋል ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁመው!

በሳምንቱ መልስ መጣ፤ አልፏል። ገና አራት ዙር እንደሚቀረው ለእናቴ ነገርኳት።

«አራት?» አለች። «አቦ፣ ሚኒስትር ሊያደርጉት ነው እንዴ?»