እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ ፓስወርድም

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎንደር፣ ከማራኪ ወደ ቤት ስትመለስ ኩራት ኩራት እያላት ነበር። «አያ፣ ዛሬ ስለ ኢንተርኔት ደህንነት ሠለጠንን» አለችኝ። እሰየው! ማታውኑ ማስረጃው በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለጠፈ፤ የአቴንዳንሱ ፎቶ።

የፎቶው ጥራት! የሠርግ ፎቶ እንኳ እንዲህ አይጠራም። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ የእናት ስልክ፣ የአባት ስልክ፤ ምንም የቀረ የለም። ዳር ላይ ያለው ዓምድ ግን ከሁሉም ይበልጣል፦ «ፓስወርድ፣ በሚነበብ ጽሑፍ»። ለካስ አሠልጣኙ ጥንካሬውን ሊያዩላቸው ነው፤ የረሳ ቢኖርም እሳቸው ዘንድ ይገኝለታል። መካሪ አያሳጣን።

ልጆቹም አላሳፈሩንም። ተራ ቁጥር 1 ስሙን ጽፎ 1234 አስከትሏል። ቁጥር 2 ከቁጥር 1 ኮርጃለች፤ እንግዲህ ፓስወርድም ይኮረጃል። ቁጥር 7 ተሳስቶ ኖሮ ሰርዞ እንደገና ጽፏል፤ ሥርዓት ያለው ልጅ ስለሆነ ስርዙ ላይ ፈርሟል። የፋሲል ከነማ ደጋፊው ቁጥር 11 የቡድኑን ቅጽል ስም «አጼዎቹ» ብሎ ሦስት ቃለ አጋኖ ጨምሯል፤ ቡድኑ የተሸነፈ ቀን ይቀይረው እንደሆነ እንጃ። ቁጥር 19 «ረስቸዋለሁ» ብሏል፤ ጎኑ ላይ በቀይ «ነገ ይዘህ ና» ተብሎ ታዟል። ቁጥር 23 «አይነገርም» ብላ ጻፈች። እሷን «ቀሪ» አሏት።

ወላጆችስ ብንሆን ከማን እናንሳለን? የልጃችንን ካርድ ከነትምህርት ቤቱ ማኅተም ፌስቡክ ላይ ዘርግተን «እንኳን ደስ ያለህ በሉልኝ» እንላለን። ቴሌግራም ባለ 5 አሃዝ ኮድ ልኮ «ለማንም አትስጡ» ሲለን፣ «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ለደወለ ሁሉ አንድ በአንድ እናነብለታለን፤ ያውም መነጽር ፈልገን። የፋሲል ግቢ 12 በር ነበረው፤ እኛ እንዲህ ሁሉን ከፍተን ልንሰጥ፣ በር ሠሪዎቹን ምን አደከማቸው!

ሕግም አለን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016፤ ፒዲኤፉ እዚያው ግሩፕ ላይ ከአቴንዳንሱ ሁለት መልእክት ከፍ ብሎ ተለጥፏል። ከሥሩ 14 ሰው አውራ ጣት አሳይቷል።

ሽሙጡ ለአፍታ ይቆየኝ። አምና አንዲት ተማሪ ሰርተፍኬት ይዛ የተነሣችው ፎቶ ከእንዲህ ያለ ግሩፕ ተወስዶ በስሟ የሐሰት አካውንት ተከፈተበት። የሚላከውን ጸያፍ ነገር አልጽፈውም። መጀመሪያ የተጠየቀችው እሷ ናት፦ «ማን ፎቶ ለጥፊ አለሽ?» ማንም አላላትም! እሷ አልለጠፈችም፤ ያነሣናትም የለጠፍናትም እኛ ነን፣ ትልልቆቹ። ልጅቱ ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣችም። የለጠፈው ሰው ዛሬም የግሩፑ አድሚን ነው።

ይሁን፤ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ሁለተኛው ዙር ሥልጠና ሰኞ ነው ተብሏል፤ ሁለት ጉርድ ፎቶና የልደት ካርድ ኮፒ ያስፈልጋል። ቁጥር 23 ግን ወላጅ ሳታመጣ አትገባም። ስለዚህ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሥራዬን አስፈቅጄ እሄዳለሁ፤ የእኛ ቤት ልጅ ናት። መታወቂያዬን ይዤ እንድመጣ ተነግሮኛል። ፎቶ አንሥተው ግሩፑ ላይ ያደርጉታል አሉ፣ እንዳይጠፋ።