ወለድኩ እንጂ ማንበብ አልረሳሁም

ቆይ፣ ልጅ የወለደች ሴት ስለ መጽሐፍ ስታወራ ሰው ሁሉ የሚያዝንላት ለምንድን ነው? ያነበብኩትን ልናገር አፌን በከፈትኩ ቁጥር «አይ እናትነት!» እያሉ ራስ መነቅነቅ ምን የሚሉት መልስ ነው?

ሰሞኑን ቡና ላይ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ወሬ ተነሣ። እንደተለመደው በዛብህ፣ ሰብለወንጌል፣ ጉዱ ካሣ ተባለ። እኔም የሚመስለኝን ተናገርኩ። የሁለቱ ፍቅረኞች የበዛብህና የሰብለወንጌል መከራ መነሻ የሰብለ አባት የፊታውራሪ መሸሻ ቤት አይደለም አልኩ፤ በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ የተሳሉት ስለት ነው። ልጃችን እንዳይሞትብን ብለው ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት፤ እሱ ሳይጠየቅ ከትዳር ታገደ። ሰብለወንጌልም ብትሆን አባቷ ለዘራችን የሚመጥን ባል ሲያማርጡ ዕድሜዋ ነጎደ። አንደኛው ቤት ደሃ፣ ሌላኛው ባላባት፤ አንዱ በፍቅር፣ አንዱ በትዕቢት፤ ሁለቱም ግን የልጃቸውን ሕይወት ልጁ ሳያውቅ ተዋውለውበታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን መጽሐፍ የባላባት ሥርዓት ወቀሳ ብቻ አድርጎ ማንበብ ግማሹን መዝለል ነው። እንዲህ ብዬ ሳልጨርስ አንዷ ዘመዳችን «አራስነቱ ገና አልለቀቀሽም፤ ሁሉ ነገር ወላጅና ልጅ ሆኖ ታየሽ» ብላ ሳቀች። ሌላዋ ሕፃኗን ከእቅፌ ተቀብላ «እስቲ አንቺ ትንሽ ረፍት አድርጊ» አለችኝ። ማን ደከመኝ አለ?

እዚያው የተቀመጠው አጎቴ ግን «በዛብህ ፈሪ ነው» ሲል ማንም «ወንድ ስለሆንክ ነው» አላለውም። የእሱ ሐሳብ ነው፤ የእኔው ከጡት ወተት ጋር የመጣ ነው።

ስለ በዓሉ ግርማ ልብ ወለድ ስለ «ኦሮማይ»ም ልንገራችሁ። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጋዜጠኛው ፀጋዬ አስመራ ላይ የወደዳትን ሴት እያነሣ ፊያሜታ፣ ፊያሜታ ይላል። ደርግ ኤርትራ ላይ ስላካሄደው ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ ይወራል፤ በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ስለጠፋው ስለ ደራሲው ይወራል፤ መወራትም አለበት። አዲስ አበባ ላይ ቀለበት አስራ ስለቀረችው ስለ ፀጋዬ እጮኛ ስለ ሮማን ግን ትንፍሽ የሚል አላጋጠመኝም። ፀጋዬ ባለሥልጣናቱን የሚታዘብበትን ስል ዓይን ወደ ራሱ ሲያዞር ትንሽ ይደነዝዝበታል፤ እኔ መጽሐፉን የምወደው ይህንንም ጭምር ስለሚያሳይ ነው። ይህን አቋም የያዝኩት ደግሞ ተማሪ ሳለሁ ነው። ያኔ ማንም በአራስነት አላሳበበብኝም።

ሌላው ያንገበገበኝ ስጦታው ነው። ከወለድኩ ወዲህ በእጄ የሚገባው መጽሐፍ ሁሉ የልጅ አስተዳደግ ሆኗል፤ ያውም ከእንግሊዝኛ እየተቻኮለ የተመለሰ። ሕፃኑን በራሱ ክፍል አስተኝተው በሩን ገርበብ ያድርጉት ይላል። የትኛውን በር? የእኛ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ነው፤ ልጅቱ የምትተኛው በእኔና በግድግዳው መካከል ነው። ሲደክምዎት ገንዳ ውስጥ ሞቅ ባለ ውኃ ዘና ይበሉ ይላል፤ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር! ካላዋጥኳት ብላ ቅቤ ይዛ የምትመጣን አያት እንዴት በክብር መመለስ እንደሚቻል ግን አንድም ምዕራፍ የለውም። ለእኔ ያስፈለገኝ እሱ ነበር።

«ለመሆኑ ምን ጊዜ አግኝተሽ ታነቢያለሽ?» የምትሉኝም አላችሁ። ሌሊት እያጠባሁ አነባለሁ። ዕልባቴ የክትባት ካርዷ ነው፤ ጤና ጣቢያ ሄጄ ካርዱን ስጠየቅ ከመጽሐፍ መሃል ነው የማወጣው። የሽንት ጨርቅ ሳጥብ ደግሞ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረካቸውን መጻሕፍት እሰማለሁ። እሱ ሰውዬ ሲተርክ ልብስ ማጠብ ራሱ ያጥራል። የማይሆነኝ አዳም ረታ ነው። «ግራጫ ቃጭሎች»ን ጀምሬ አቁሜዋለሁ። ጥፋቱ የደራሲው አይደለም፤ ለዚያ መጽሐፍ አንድ ሙሉ ጸጥ ያለ ከሰዓት በኋላ ያስፈልጋል፣ እኔ ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ከሰዓት በኋላ ከጠፋ ቆየ። ባለቤቴ ሲያነብ «ዝም በሉ፣ እያነበበ ነው» ይባላል። እኔ ሳነብ ድስት ያረረ ይመስል ሁሉም ወደ ማድቤት ያያል።

እንግዲህ ልጅቷን ልትጠይቁ የምትመጡ ሰዎች፣ ኑ፤ ቤታችን ክፍት ነው። ባዶ እጃችንን አንመጣም ካላችሁ ግን የአስተዳደጉን መጽሐፍ ተዉት፣ ሦስተኛ ቅጂ ማስቀመጫ የለኝም። በብሔራዊ ቴአትር በኩል ካለፋችሁ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮቹ ጋ ጎራ በሉና አንድ ልብ ወለድ ያዙልኝ፤ ሽፋኑ የተላጠም ቢሆን አልጠላም። አንብቤ ካልወደድኩት ለምን እንዳልወደድኩት እነግራችኋለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ልጅቷን ከእቅፌ እንዳትቀበሉኝ።